የማይታጠብ ጨለማ

ቨርን ሃልዶርሰን ዕድሜውን ሙሉ የታገለለት ችግር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ቀረጻ ላይ ያየውን ጨለማ ሳይገረጣ ሲኒማ ቤት ድረስ ማድረስ።

ብርሃንን ማድረስ አያስቸግርም። መብራት ታበራለህ፣ ካሜራው ይቀበላል፣ ሸራው ላይ ይወጣል። ጨለማ ግን መንገድ ላይ ይበላሻል። ቨርን ማታ ከሰል የመሰለ ጥግ ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱ ማሳያ ክፍል ሲቀመጥ ያ ጥግ የዕቃ እጣቢ መስሎ ይጠብቀዋል። ውስጡ ማንም እንዲያየው ያልተፈለገ መሰላልና የተጠቀለለ ገመድ ይታያል።

ጨለማውን የምናበላሸው እኛ ነበርን። እኔ በስቱዲዮው ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ለእያንዳንዱ ቀረጻ የማተሚያ ቁጥር መምረጥ ነበር። ስለዚህ ስለ ቨርን የምጽፈው ከወዲያኛው ሰፈር ሆኜ ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያለ እርሱ ታሪኩ አይገባም። በካሜራ ያለፈ ፊልም ሲታጠብ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ብርሃን የመታው ቦታ ይጠቁራል፤ ብርሃን ያልነካው እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ብሎ ይቀራል። ኔጋቲቭ የምንለው ይህንን ነው። ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ የሚገኘው በዚያ ኔጋቲቭ ውስጥ እንደገና ብርሃን አሳልፎ ሌላ ፊልም ላይ በማተም ነው። የማተሚያው ማሽን መብራት ሃያ ሁለት ደረጃ አለው። አንድ ቁጥር ደካማው ነው፣ ሃያ ሁለት ኃይለኛው። በደካማው ስታትም ሥዕሉ ይፈካል፤ በኃይለኛው ስታትም ይጠቁራል። መካከለኛው አሥራ አንድ ነው። እንግዲህ ካሜራማኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ መብራት ሲያስተካክል ቢውል፣ ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠች ሴት በእርሳስ አንድ ቁጥር ጽፋ ድካሙን ሌላ ነገር ልታደርገው ትችላለች። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ቨርን የተወለደው በሰሜን ዳኮታ፣ ከአይስላንድ የመጡ ገበሬዎች በሰፈሩባት ፔምቢና በምትባል መንደር ነው። አባቱ የሠርግና የሬሳ ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። ልጁ በ1915 እ.ኤ.አ. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ካሜራ በእጅ ይዘወር ነበር፤ ካሜራማኑ ያነሳውን ፊልም ማታ ራሱ ያጥበዋል። ቀይ መብራት ሥር ይቆማል፣ ፊልሙን በእንጨት ክፈፍ ጠቅልሎ ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል፣ ዓይኑ በቃ ሲለው ያወጣዋል። ጨለማውም ብርሃኑም የእርሱ ነበሩ።

ከዚያ ድምፅ ያለው ፊልም መጣ፤ አብሮት የማጠቢያ ማሽን ገባ። ማሽኑ የሁሉንም ፊልም በእኩል ሙቀትና በእኩል ጊዜ ያጥባል። ካሜራማኑ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የፊልሙን ቆርቆሮ አስረክቦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ነው። የእኛ አለቃ ደግሞ ኦገስት ክሪል ነበር።

ክሪል ክፉ ሰው አልነበረም። መሳቢያው ውስጥ ከየገጠር ከተማው የሲኒማ ቤት ባለቤቶች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ነበሩት። «መብራቴ ደካማ ነው፤ ሰው የተዋናዩን ፊት ማየት አልቻለም፤ ገንዘባችን ይመለስ እያሉኝ ነው» ይላሉ። ከኒውዮርክ የሽያጭ ቢሮም ትእዛዝ መጥቶለታል፤ ማንኛውም ፊት፣ በማንኛውም ሲኒማ ቤት፣ ከመጨረሻው ወንበር መታየት አለበት። ስለዚህ ክሪል ካልፈረመ በቀር ከአሥራ ሦስት በላይ ቁጥር መጻፍ ክልክል ነበር። ክሪል ደግሞ አይፈርምም።

በ1936 ቨርን ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች አንድ ፊልም አነሳ። ጉድጓዱን በሰዎቹ ቆብ ላይ ባለው መብራት ብቻ አበራው። ላቦራቶሪው አሥራ አንድ ቁጥር ላይ አተመው፤ ጉድጓዱ ዝናብ ያዘለ ሰማይ መሰለ። ጋዜጣ ላይ «ካሜራማኑ ሌንሱን መወልወል ረስቷል» የሚል ቃል ወጣ። ላቦራቶሪውን የወቀሰ የለም። ቨርንን ግን ከፊልም አውጥተው የልብስ ሙከራ ላይ መደቡት። የልብስ ሙከራ ማለት ተዋናዩ አዲስ ኮት ወይም ኮፍያ አድርጎ ነጭ ግድግዳ ፊት ሲዞር ማንሳት ነው፤ በፊት፣ በጎን፣ በኋላ። ሁለት ዓመት ኮፍያ ሲያነሳ ኖረ።

መላው የተገኘው እዚያ ነው። አንድ ቀን በላቦራቶሪው መስኮት ብቅ አለ፤ እጁ ላይ የሙከራ ቁራጭ ይዟል። በየጠዋቱ ለካሜራማኖቹ የስንዝር ርዝመት ያላት ቁራጭ ፊልም እንልክላቸዋለን፤ ካነሱት ውስጥ አንዲት ሥዕል ተወስዳ አሥራ አንድ ጊዜ ትታተማለች፣ ከፈዛዛው እስከ ጥቁሩ። እኔ የመረጥኩት ቁጥር በቀይ እርሳስ ይከበባል።

«ኔል፣ ይህን ሰውዬ በስንት አተምሽው?» አለኝ።

«በሃያ።»

«በሃያ?»

«መብራቱ በጣም ቀርቦት ነበር። ከዚያ በታች ባትመው ሰውዬው አፍንጫ የለውም፤ ሳህን ነው የሚሆነው።»

«ክሪል ፈረመ?»

«የኮፍያ ሙከራ እኮ ነው ቨርን። ማን ግድ አለው?»

እሱ ግን ሰውዬውን አልነበረም የሚያየው። በጣቱ ከሰውዬው ኋላ ያለውን አሳየኝ። ግድግዳው ነጭ ቀለም የተቀባ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ቁራጯ ላይ ግን ጥቁር ነበር፤ ምድጃ ውስጥ እንዳለ ጥላሸት ያለ ጥቁር።

ነገሩን ቀስ ብላችሁ ተከተሉት፤ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ፊቱ ላይ ከሚገባው በላይ ብርሃን ካፈሰስክ ኔጋቲቩ እዚያ ቦታ ላይ ይወፍራል፣ በጣም ይጠቁራል ማለት ነው። የወፈረውን ፊት በልኩ ለማውጣት ላቦራቶሪው ወደ ኃይለኛው ቁጥር ለመውጣት ይገደዳል። ኃይለኛው ቁጥር ደግሞ ፊቱን ብቻ መርጦ አያጠቁርም፤ በዙሪያው ብርሃን ያላገኘውን ሁሉ አብሮ ያጠቁራል። ጨለማውን ላፍካው ብሎ ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ፊቱን ያጣዋል። ቨርን ፊቱን ለጨለማው መያዣ አድርጎ አስያዘው ማለት ነው።

ይህን ለመሞከር ግን ስቱዲዮው ማጣት የማይፈልገው ፊት ያስፈልግ ነበር።

በ1938 መኸር ላይ አንድ ካሜራማን ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ሃስክ የሚባለው ፕሮዲውሰር በጥድፊያ የሚተካው ሰው ፈለገ። ነፃ የነበረው ቨርን ብቻ ነው። ፊልሙ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን በድምፅ ስለምታውቅ ሴት ነው። ሴትዮዋን የምትጫወተው ሎርና ዴቭሪ ነበረች፤ ስቱዲዮው ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው ይላል፣ እርሷ ደግሞ አርባ አንድን ተሻግራለች። በውሏ ውስጥ የማትወደውን ካሜራማን የማሰናበት መብት አላት። ባለፈው ዓመት ሁለት አሰናብታለች።

የቨርንም ውል የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። በየስድስት ወሩ ስቱዲዮው ይቀጥል ወይም ይሂድ ብሎ ይወስናል፤ የዚያን ጊዜው ውሳኔ ቅዳሜ ነበር የሚውለው። ሁለት ጊዜ የወደቀ ካሜራማን ሌላ ስቱዲዮ አይቀጥረውም፤ አለቆቹ ሁሉ ምሳ የሚበሉት አብረው ነው። ቨርን አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከካሜራ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፊልሙ ዋናው ትዕይንት ተነሳ። ሴትዮዋ በጨለማ ክፍል ቆማ የእግር ኮቴ ትሰማለች። ቨርን መብራቶቹን አንድ በአንድ አስጠፋ፤ አንድ ትልቅ መብራት ብቻ ከሌንሱ በላይ ከፊት ለፊት አቆመ። በጥቁር ጣውላ ጋርዶ የአንድ ስንዝር ክፍተት ብቻ ተወለት።

የመብራት ሠራተኞቹ አለቃ ሌም ኦትስ ቨርንን ከኮፍያው ዘመን በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ጠጋ ብሎ በዝግታ አናገረው።

«ይሄ መብራት መኪና ቢገጨው መኪናው ነው የሚጎዳው። እሱን ነው ፊቷ ላይ የምትለቅባት?»

«አዎ።»

«ሐሩስ?» ሐር የሚለው ለተዋናዮቹ ብርሃኑን ለማለስለስ መብራቱ ፊት የሚወጠረውን ጨርቅ ነው። ለሚስ ዴቭሪ ሁልጊዜ ሁለት እጥፍ ይወጠር ነበር።

«ሐር የለም።»

«መልካም። የአክስቴ ልጅ ፍሬዝኖ ውስጥ የብርቱካን እርሻ አለው፤ ሰው ይፈልጋል። አንተ ብርቱካን መልቀም ትችላለህ?»

ሚስ ዴቭሪ መጥታ ምልክቷ ላይ ቆመች። ብርሃንን የምታውቀው በጉንጯ ነው፤ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። ሌም መብራቱን ሲለቀው ጭንቅላቷን ወደኋላ መለስ አደረገች።

«ሚስተር ሃልዶርሰን፣ ሐሬ የት ሄደ?»

«ዛሬ አያስፈልግዎትም፣ ሚስ ዴቭሪ።»

«የሚያስፈልገኝንማ እኔ አውቃለሁ። ይሄ የፖሊስ ጣቢያ መብራት ነው።»

ቨርን አልተከራከረም። መብራቱ ጋ ሄዶ እጁን ክፍተቱ ውስጥ ከተተ፤ የእጁን ጀርባ አሳያት። የአርባ ሁለት ዓመት እጅ ነው፤ ደም ሥሩና ሽብሽቡ ሁሉ ይታወቃል። «አሁን ዓይንዎን አጥብበው ይዩት» አላት። እርሷ ዓይኗን አጠበበች። ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሳ ሽብሽቡ ጠፍቶ እጁ የተላጠ እንቁላል መስሎ ነበር። «ፊልሙም እንደዚህ ነው የሚያየው» አለ። «ብርሃን ሲያንስ ሽብሽብ ይቆጥራል፤ ሲበዛ መቁጠሩን ይተዋል። የሚፈራው በመሃል ያለው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኮፍያ ላይ ሞክሬዋለሁ።»

ሌም ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሚስ ዴቭሪ አልሳቀችም። «ፊቴ ኮፍያ ከሆነ» አለች፣ «ቅዳሜን አንተም አታያትም፤ ይህን እወቅ። ምን ያህል መንቀሳቀስ እችላለሁ?»

«ምንም። አንድ ጣት ወደ ጎን ካሉ ይጠፋሉ።»

ትዕይንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሳ። የእግር ኮቴው ሲሰማ መዞር አልቻለችም፣ መሸሽ አልቻለችም፤ ያላት ዓይኗ ብቻ ነው። ሌም በኋላ ሲነግረኝ፣ እሷ ትንፋሿን ይዛ ስለነበር እነሱም ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ኔጋቲቩ ከማሽኑ ሲወጣ አየሁት። ፊቷ ያለበት ቦታ ከሰል ነው፤ የቀረው ሁሉ ባዶ መስታወት። ኮፍያው ወዲያው ትዝ አለኝ። ወረቀቱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ቁራጯንም አሥራ ዘጠኝን ከብቤ ለቨርን ላክሁለት።

ክሪል ወረቀቱን አንስቶ ወደ እኔ መጣ።

«አሥራ ዘጠኝ? እጅሽ አዳልጦሽ ነው?»

«ኔጋቲቩ ወፍራም ነው ሚስተር ክሪል። በዝቅተኛ ቁጥር ፊቷ ነጭ ሆኖ ይጠፋል።»

«ወፍራም የሆነው ሰውዬው መብራት አብዝቶ ነው። ሁለት ዓመት ኮፍያ ሲያነሳ መለካት ረስቷል። እኛ የሱን ስህተት እዚህ ስንደብቅለት ሰኞ ይደግመዋል።» ቁጥሩን አጠፋና አሥራ ሁለት ጻፈበት። «ስህተቱን በራሱ ዓይን ይየው።»

ሐቁን ለመናገር፣ በላቦራቶሪ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ከልኩ ያለፈ ኔጋቲቭ ሲያይ የሚታየው ስህተት ብቻ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው የሚል ሐሳብ አይመጣለትም። ስልኩ አጠገቤ ነበር። ለቨርን መደወል እችል ነበር፤ አልደወልኩም።

እኩለ ቀን ላይ ማሳያ ክፍል ገባን። ሃስክ መሃል ተቀመጠ፣ ሚስ ዴቭሪ ከጎኑ፣ ቨርን ከኋላቸው። ሌም ቆሞ ግድግዳውን ተደግፏል። እኔ ማስታወሻ ልይዝ ከክሪል ጋር መጥቻለሁ።

መብራቱ ጠፋ። ሸራው ላይ ግራጫ ክፍል መጣ። መሰላሉ ይታያል። ገመዱ ይታያል። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንዱ ሠራተኛ የምሳ ሳንድዊቹን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦት ኖሯል፤ እርሱም ይታያል። መሃል ላይ ነጭ ሳህን ተሰቅሏል፤ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። አፍንጫ የለውም፤ ከንፈርም የለውም።

 ፊልሙ አለቀና መብራቱ በራ።

«ሃልዶርሰን» አለ ሃስክ ሳይዞር፣ «ያ ሳንድዊች ውል አለው ወይ? ከሎርና የተሻለ ታይቷልና።»

«ከልክ በላይ ብርሃን ነው» አለ ክሪል። «ላቦራቶሪው ሊረዳው የሚችለው ነገር የለም።»

ሚስ ዴቭሪ ጓንቷን ከጭኗ ላይ አንስታ ማጥለቅ ጀመረች። አንዱን ጣት፣ ቀጥሎ ሌላውን። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ያንን እናውቀዋለን፤ ሁለተኛውን ጓንት ካጠለቀች ትነሳለች፣ ከተነሳች ስልክ ትደውላለች፣ ከደወለች ጉዳዩ ቅዳሜንም አይጠብቅም።

ቨርን ተነሳ። እኔ ወደ ሃስክ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ከክሪል ጋር ሊጣላ። እርሱ ግን በወንበሮቹ መሃል አልፎ ፊት ለፊቷ ቆመና ከሸሚዙ ኪስ ቁራጯን አወጣ።

«ሚስ ዴቭሪ፣ ከነዚህ ውስጥ እርስዎ የትኛዋ ነዎት?»

ቀና ብላ አየችው። ቁራጯን በጓንት ባለው እጇ ተቀብላ ወደ ጣሪያው መብራት ከፍ አደረገቻት። አሥራ አንድ ሴቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያዋ ሳህኗ ነች። ቀጥላ አፍንጫ ያወጣች፣ ቀጥላ ከንፈር ያወጣች። ሃያ ዓመት የገዛ ፊቷን ያጠናች ሴት ናት፤ አልቸኮለችም። ሃስክ አንገቱን ሊያስገባ ሲል በክርኗ ገፋችው።

«ይህቺ» አለች። ጣቷ ያረፈው ቀይ ክቡ ላይ ነበር።  «ይህቺ ሴት እየፈራች ነው። ለምንድን ነው ይህቺን ያላሳያችሁኝ?»

«እዚያ ቁጥር ላይ ክፍሉ ጭራሽ አይታይም» አለ ክሪል። «ግድግዳው፣ ዕቃው፣ ምንም። ጥቁር ነው የሚሆነው፣ ሚስ ዴቭሪ። ደንብ አለ።»

«ሚስተር ክሪል፣ ሰዎች ትኬት የሚቆርጡት ለግድግዳው ነው?»

«አይደለም፣ ግን —»

«እንግዲያው ይጥቆር። ይህቺን አትሙልኝ።» ጓንቱን አወለቀች። «ዛሬውኑ።»

ክሪል ሃስክን አየ። ሃስክ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ክሪል እስክሪብቶውን አወጣና እኔ በያዝኩት ወረቀት ላይ ፈረመ።

አሥር ሰዓት ላይ እንደገና አየነው። ሸራው ላይ ከግንባር እስከ አገጭ ፊት ብቻ አለ፤ ቀሪው የለም። የእግር ኮቴው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አይቻልም፤ ሃስክ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ወደኋላው ዞረ። ሲያበቃ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ያንን ግድግዳ ለመሥራት አራት አናጺ አሰልፌ ነበር።»

ቅዳሜ የቨርን ውል ተራዘመ። ለስድስት ወር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ሠራ። ሌሎች ካሜራማኖችም ተከተሉት፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ወፍራም ኔጋቲቭ ሲመጣ «ሃልዶርሰን ነው» እንል ነበር። ለክሪል የሚመጡት ደብዳቤዎች ግን በዙ። ቨርን አንድ እሑድ መኪናውን ነድቶ ባርስቶው በሚባለው የበረሃ ከተማ የራሱን ፊልም ሊያይ ሄደ። የማሳያው መብራት እንደ ሻማ ነበር። ከፊቱ የተቀመጠ ሽማግሌ ለሚስቱ «የመብራት ሒሳብ እየቆጠቡ ነው» ሲላት ሰማ። ሰኞ መጥቶ ይህንኑ ለክሪል ራሱ ነገረው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ምሳ አብረው ይበሉ ጀመር፤ የሚያወሩትም ስለ ቁጥር ነው።

አሁን 1952 ነው። ስቱዲዮው የውል ሠራተኞቹን በትኗል፤ እኔም ቤቴ ነኝ። ቨርን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በኪራይ መጋዘን ውስጥ ለቴሌቪዥን የግማሽ ሰዓት የወንጀል ታሪክ ያነሳል፤ አንዱን በሦስት ቀን። ችግሩ ያው ነው፤ ጨለማውን የሚያፈካው ሰው ግን ተቀይሯል። በየከተማው ጣቢያ አንድ መሐንዲስ ተቀምጧል፤ ሥዕሉ የጨለመ ሲመስለው እጁን ዘርግቶ ያፈካዋል። ደብዳቤ አይጽፍም፣ ፊርማም አይጠይቅም። ሚስ ዴቭሪም የለችም፤ ተዋናዮቹ በየሳምንቱ የሚለዋወጡ ናቸው፤ ፊታቸው ቢጠፋ የሚከራከርላቸው የለም።

ቨርን ግን ጣቢያ ሄዶ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ጎን ሁለት ቀን ተቀምጦ የሰውዬውን እጅ ሲከታተል ቆየ። ያገኘው ይህን ነው፤ መሐንዲሱ የሚያፈካው ሥዕሉ ውስጥ ምንም ነጭ ነገር ሲያጣ ነው። የሆነ ቦታ ላይ እውነተኛ ነጭ ካየ፣ ልኩ ይህ ነው ብሎ እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ አሁን የቀረው ጥያቄ የነጩ ትንሽነት ነው። ነጩ በትልቁ ከሆነ ጨለማ አይባልም። በመጀመሪያ ነጭ የመብራት ሽፋን አስገባ፤ ሠራ። ቀጥሎ ስኒ፤ እርሱም ሠራ። ባለፈው ሳምንት የሸሚዝ ኮሌታ ጫፍ ነበር። ሐሙስ ምሽት ፕሮግራሙ እንዳለቀ ይደውልልኛል።

«ኔል፣ ጥቁሩ እንዴት ነው?»

«እስከ መሃሉ ጥቁር ነበር። ሰውዬው ኮቱን ሲቆልፍ ገረጣ።»

«ኮሌታው ተሸፍኖ ነው። መሐንዲሱ ነጩን አጣው።» ይህን ሲል ደስ ብሎት ነበር።

ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ ሄጄ ነበር። ገዳዩ በር ጥግ ቆሟል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ሁሉ አንዲት ሲጋራ ናት፤ ከጆሮው ኋላ ሰክተውለታል። ሌም መሰላል ላይ ወጥቶ የአንዲት ጠባብ መብራት አቅጣጫ ያስተካክላል።

«ጭንቅላትህን አታዙር» ይለዋል ቨርን።

«ሴትዮዋ በዚያ በር ነው የምትገባው፤ ማየት የለብኝም እንዴ?»

«በዓይንህ እያት።»

«ሲጋራዋ ብትወድቅስ?»

«ከወደቀች» አለው ሌም ከላይ ሆኖ፣ «አይዳሆ ጣቢያ ላይ አንድ መሐንዲስ ይነቃል።»

ተዋናዩ ሳቀ፤ ሲጋራዋም ወደቀች። ቨርን ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ በእጅጌው ጠረጋት፣ መልሶ ሰካት። ከዚያ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ዓይኑን አጠበበና ሌምን «ሩብ ጣት ወደ ግራ» አለው።